የጓንጉል ጨፌ

በእኛ አገር ለቅሶ ቤት ገብቶ ሣር ላይ የተቀመጠ ሰው፣ ሣሩን በጣቱ እየጎነጎነ ዝም ካለ፣ ምን እያሰበ እንደሆነ አጠገቡ ያሉት ያውቁታል። ስለ ሣር የምትነገር አንዲት ተረት አለች፤ ሙሉዋን አፍ አውጥቶ የሚናገራት ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው ግማሿን ብሎ ይተዋታል፤ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል። ዛሬ ዛሬ ጎረምሶቹ ዘግይቶ ለመጣ ዱቄትም፣ ዘግይቶ ለመጣ መድኃኒትም፣ ከቀብር በኋላ ለደረሰ ዘመድም ይተርቷታል። ይሁን፤ ተረት እንደ ቁና ነው፣ የሰጡትን ሁሉ ይሰፍራል። እኔን የሚያናድደኝ ግን መነሻውን ሲያጣምሙት ነው። «አንድ ንፉግ ሰው ነበር» ብለው ይጀምራሉ። ንፉግ አልነበረም። ንፉግ ቢሆን ኖሮ እኔም ረግሜው እገላገል ነበር።

አገሩ ደጋ ነው፣ ውርጭ አምባ ይባላል። ስሙን በዋዛ አላገኘውም። ከገብስና ከባቄላ በቀር ሌላ አዝመራ አይሞከርም፤ ገብሱንም ቢሆን በከፋው ዓመት ውርጭ ይበላዋል። ሰዉን የሚያኖረው በግ ነው። ለብርዱ የሚለበሰው ባና ከበግ ጠጉር ይሠራል፤ ገበያ የሚወርደው ሙክት ነው፤ ለሙሽራ የሚሰጠው ጥሎሽ እንኳ በበግ ነው። ስለዚህ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ የልጆችን ጤና ከተጠያየቁ በኋላ፣ «ሣሩስ እንዴት ነው?» ይባባላሉ።

በዚያ አምባ ላይ ጓንጉል የሚባል ሰው ነበር። ይህ ሰው ልከኛ ነበር፤ ከልክም ያለፈ ልከኛ። ድንበር ሲከፈል ገመዱን የሚያስይዙት እሱን ነው። በበዓል ቅርጫ ሲታረድ ሥጋውን በየመደቡ የሚያስቀምጠው እሱ ነው፤ ዕጣው ሲወጣ የትኛው መደብ እንደደረሰው ዞር ብሎም አያይ፣ ሁሉንም እኩል አድርጎታላ። ሰው አያታልልም፤ ሰውም እንዲያታልለው አይፈቅድም። ቃል ከተባለ ቃል ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሲያከብሩት ደስ ይላል፤ ሲቸገሩ ግን ፊቱ መቆም ያስፈራል።

ጓንጉል ሁሉም የሚቀናበት ጨፌ ነበረው። ከሥሩ ውኃ የሚላወስበት፣ በጋ ከክረምት የማይደርቅ ለምለም መስክ ነው። ከታናሽ ወንድሙ ከአበጋዝ ጋር ሆነው ነው ያቀኑት፤ ቦዩን አብረው ቆፈሩ፣ ዙሪያውን አብረው በእሾህ አጠሩ። መስቀል ካለፈ በሩ በእሾህ ይዘጋና ክልክል ይሆናል። የሚከፈተው በጎች ሲወልዱ ብቻ ነው፤ ግልገል የምታጠባ እናት ትግጠዋለች፣ ሌላ አይረግጠውም። የጓንጉል በቅሎ እንኳ ከአጥሩ ውጪ ቆማ ስትጎመጅ ትውል ነበር። በዚህ ሕግ ምክንያት የጓንጉል ግልገሎች ከአምባው ሁሉ የወፈሩ ናቸው ይባላል፤ እሱም ይህን አጥብቆ ያምናል።

አበጋዝ በነሐሴ ታሞ ሞተ። ሚስቱ ማዘንጊያ ትባላለች። ልጅ አልወለዱም። በዚያን ጊዜ ልማድ ደግሞ ልጅ ያልወለደች ሴት ባሏ ሲሞት ከመሬቱ የሚደርሳት የለም፤ ወደ ዘሩ ይመለሳል። ስለዚህ እርሻው፣ አውድማውና የጨፌው ድርሻ ወደ ጓንጉል ገቡ። ጓንጉል ጎጆዋን አልነካም። በጎቹንም አልነካም፤ እነሱ ከእናቷ ቤት ያመጣቻቸው ናቸውና። ከአሥር የማይበልጡ እናት በጎች ነበሩ፤ ሁሉም ሐምሌ ላይ አውራ ተጠግቷቸው አርግዘዋል። ማዘንጊያ ያላት ሀብት ይኸው ነው። በጎቹ በደኅና ከወለዱ፣ ከግልገሉ ሸጣ፣ ጠጉሩን ፈትላ፣ ባሏ በሞተበት ጎጆ ትኖራለች። ካለቁ ግን ቆላ ወርዳ በእህቷ ባል ቤት እህል እየፈጨች ማደር ነው። ያንን ሰው ደግሞ ታውቀዋለች፤ ከምትፈጭበት ወፍጮ ይልቅ ምላሱ ይከብዳል።

የአበጋዝ አርባ ወጥቶ እንግዳው ሲበተን ጓንጉል ጠራት። ባሻ ዘለቀም አብሮ ነበር፤ ባሻ ዘለቀ በግ ሲያረባ ያረጀ፣ ውል ሲደረግ መሐል የሚቀመጥ ሽማግሌ ነው።

«ማዘንጊያ፣ አንቺ በግ አለሽ፣ ሣር የለሽም። እኔ ሣር አለኝ» አለ ጓንጉል። «ለምን የርቢ አትሰጪኝም? እኔ አበላለሁ፣ የተወለደውን እኩል እንካፈላለን።»

የርቢ ማለት ይኸው ነው፤ በጉ የሰጪው እንደሆነ ይቆያል፣ ተቀባዩ ይቀልባል፣ ልጆቹ ለሁለት ይከፈላሉ። በአገሩ የታወቀ ነው።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ ጓንጉል። ይሁን» አለች።

«ይሁን ማለት አይበቃም። ነገር ከሥሩ ይጣራ። የምካፈለው ምኑን ነው? የተወለደውን። ሆድ ውስጥ ያለውን የሚያውቀው አንድዬ ነው፤ ሊጨነግፍ ይችላል፣ ሞቶ ሊወለድ ይችላል። ያልመጣ ግልገል ግልገል አይባልም። እንግዲህ እስኪወልዱ ድረስ በጎቹ ባንቺ እጅ ናቸው፣ አንቺ ታሰማሪያለሽ። የወለደችዋን በወለደችበት ቀን ጨፌዬን ከፍቼ እቀበላለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው ጣጣ የእኔ ነው። ባሻ፣ ምን ይላሉ?»

ባሻ ዘለቀ ጢሙን አሻሸ። ነገሩ ደስ አላለውም። እርጉዝ በግ ምን እንደምትፈልግ፣ በተለይ ወደ መጨረሻው፣ ከሱ የበለጠ የሚያውቅ በአምባው አልነበረም። ቃሉ አፉ ድረስ መጣ። ነገር ግን የተቀመጠበት አጎዛ የጓንጉል ነው፣ የያዘው ጠላ የጓንጉል ነው፣ ነገሩም ቶሎ እንዲያልቅ ፈልጓል። ጠላውን ጎንጨት አለና፣ «ግልጽ ነው፤ ሁለታችሁም ከተስማማችሁ ምን እላለሁ» አለ።

ማዘንጊያ በበሩ በኩል ወደ ውጪ አየች። ወሩ መስከረም ነው። ጠርዙ፣ ድንበሩ፣ የቤቱ ጓሮ ሳይቀር ለምልሟል። በጎቿ ሆዳቸው እስኪወጠር ግጠው ተኝተው ያመሰኳሉ። ሣር ያልቃል ብሎ በዚያን ቀን ማን ያስባል? «ይሁን» አለች፤ እጅ ተመታ።

ኅዳር ሚካኤል ሳይደርስ ውርጭ ወረደ። በዚያ ዓመት ቶሎ ነው የወረደው። ጠዋት ሣሩ ሲረግጡት እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል፤ ፀሐይ ሲወጣ ይጠቁራል። በሳምንት ውስጥ መስኩ ሁሉ የከሰል ማራገፊያ መሰለ። ለምለም ሆኖ የቀረ የጓንጉል ጨፌ ብቻ ነበር። ከሩቅ ይታያል። የማዘንጊያ በጎች ጠዋት ከጉሮኖ ሲወጡ አፍንጫቸውን ወደዚያ አዙረው ይቆሙ ነበር፤ እየገፋች ነው ወደ ተቃጠለው መስክ የምትነዳቸው።

አንድ ቀን ጓንጉል አጥሩን ሲጠግን አገኘችው።

«እንደምን አደሩ፣ አያ ጓንጉል።»

«ይመስገን። እንዴት አደርሽ?»

«እኔስ ደኅና ነኝ፤ በጎቹ ናቸው እንጂ። እየተጎተቱ ከመንጋው ወደ ኋላ መቅረት ጀምረዋል። ቦራዋ ደግሞ ትናንት ከተኛችበት አልነሳ ብላኝ በጭራዋ ይዤ ነው ያቆምኳት።»

ቦራዋ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት፣ የመንጋው ትልቅ በግ ናት። ማዘንጊያ ስታገባ በራሷ እጅ እየጎተተች ያመጣቻት በግ ልጅ ነበረች።

«ይከብዳታላ። መንታ ይሆናል» አለ ጓንጉል፣ እሾሁን እየጎነጎነ።

«መንታ ከሆነማ ሁለት አፍ በሆዷ ይዛ እኮ ነው የምትራበው። ዳሩን ብቻ፣ እስከ ቦዩ ድረስ ብቻ ልልቀቃቸው? ኋላ ከሚበሉት ይቀነስ።»

«ከሚያጠቡት አፍ ነጥቄ? አሁን ከበሉት ግልገል ሲመጣ ምን ሊበሉ ነው? ይህ ሣር ለወተት የተከለከለ ነው። ግቷ ወተት የያዘችውን አምጪልኝ፣ አሁኑኑ እከፍታለሁ።»

«ወተቱ እኮ የሚሠራው አሁን ነው። ግልገሉም አጥንት የሚያወጣው አሁን ነው፣ አያ ጓንጉል።»

«ልንገርሽ አይደል? እርጉዝ ከጠገበች ግልገሉ ይገዝፍና ምጥ ይጠናባታል። አባቴ ሲል የሰማሁት ነው። የእኔ በጎች ይኸው በየዓመቱ ጨፌ ሳይረግጡ በደኅና ይወልዱ የለም እንዴ?»

ይህ እውነት ነው። የጓንጉል በጎች ሳይወልዱ ጨፌ ረግጠው አያውቁም። ነገር ግን ጠዋትና ማታ በጉሮኗቸው የገብስ ጭድና የባቄላ ገለባ ይፈስላቸዋል፤ የምታፈሰው ሚስቱ እልፌ ናት፣ እሱም የሴት ሥራ ነው ብሎ ከምግብ አይቆጥረውም። ግልገሎቹ የወፈሩት በጨፌው ሕግ ይመስለዋል። ማዘንጊያ ይህን ታውቃለች። «እርስዎ አውድማ አለዎት፣ ጭድ አለዎት» ልትለው ትችል ነበር። ግን አውድማው የባሏ ነበርና የወሰደው እሱ ነውና፣ ያንን ቃል ካወጣችው ልመናው ክስ ይሆንባታል። ዋጠችው።

«ባሻ ዘለቀ ይፍረደን» አለችው።

«ይፍረድ። እሱ ያለው ይሁን።»

ባሻ ዘለቀን የቤተ ክርስቲያኑን ግንብ ተጠግቶ ፀሐይ ሲሞቅ አገኙት። ሁለቱንም አዳመጠ። ዱላውን መሬት ላይ እያዞረ፣ «እንግዲህ ምን ላድርግ፣ ልጄ? በኔ ፊት ተስማምታችኋል። ዛሬ ውል ብናፈርስ ነገ ማን በማን ይታመናል?» አላት። ይህን ሲል ዓይኗን አላያትም። እሷ ስትሄድ ግን ጓንጉልን፣ «ዳሩን ብቻ ብትለቅላት ምን ይጎድልብሃል?» ብሎ ጠየቀው፤ ድምፁ ግን ቀስ ያለ ነበር።

«ለሷ ብዬ እኮ ነው፣ ባሻ። ሣሩ ካለቀ ግልገሎቿ ናቸው የሚሞቱት» አለ ጓንጉል። ከልቡም ነበር።

ማታ ራት ስታቀርብለት እልፌ፣ «አንተ ሰውዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችው።

«ጠይቂ።»

«እኔ ልጅ በሆዴ ሳለ ቅቤ በማሰሮ ያመጣህልኝ ለማነው? ያኔ ‹ልጁ አልመጣም፣ ሲመጣ ትበያለሽ› አላልከኝም።»

«አንቺማ ሰው ነሽ።»

«አዎ፣ ሰው ነኝ። ሰው በመሆኔ ለምኜ በላሁ» አለችና ሌማቱን አነሳች። በማግስቱ ጭድ በቀሚሷ ሸሽጋ ለማዘንጊያ ወሰደችላት። ለመንጋ ምን ያህል ይሆናል? ለአንድ ማለዳ አፋቸውን አሟሹበት።

ከዚያ በኋላ ማዘንጊያ ገደል መውጣት ጀመረች። ከአምባው በላይ ገደሉ ራስ ላይ ጓሳ የሚባል፣ ለቤት ክዳን የሚሆን ረጅም ሻካራ ሣር አለ። በግ ወዳው አትበላውም፤ ጫፍ ጫፉ ግን ከምንም ይሻላል። ጎህ ሲቀድ ማጭዷን ይዛ ትወጣለች። ውርጩ ሣሩ ላይ እንዳለ ታጭዳለች፣ ጣቷ ይደነዝዛል፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ይርሳል። ተሸክማ ወርዳ በእጇ ጫፉን እየቆረጠች ታጎርሳቸዋለች። ወንዶቹ ከታች ሆነው ያዩዋት ነበር። «ጎበዝ ሴት ናት» ይሉ ነበር፤ ጎበዝ ማለት ደግሞ ከማገዝ ይቀላል። እኔ ይህን ስናገር አሁንም ደሜ ይፈላል።

በጎቹ ግን አልዳኑም። ሆዳቸው ብቻ ትልቅ ሆኖ ጀርባቸው እንደ መጋዝ ወጣ። አንዷ የሌላዋን ጠጉር እየነጨች መብላት ጀመረች። የሁለት በጎች ዓይን እያየ የማያይ ሆነ፤ እየተንገዳገዱ ከጉሮኖው ግድግዳ ጋር ይጋጩ ነበር፤ ከቆሙም ጥርሳቸውን ያፋጫሉ። ቦራዋ ጨርሶ ተኛች። ሌሊት ሲሆን እንደ ቅጠል ትንቀጠቀጣለች። ማዘንጊያ ያላትን አንድ ባና፣ ከአበጋዝ ጋር ይለብሱት የነበረውን፣ አውጥታ በጓ ላይ ደረበችላት። ራሷ በነጠላዋ ተጠቅልላ እሳት ዳር ትተኛ ጀመር።

ጓንጉል በየቀኑ ይጠይቅ ነበር። «ወለዱ?» ይላል ባገኘው ሰው ሁሉ። በሩን የሚከፍትበትን ቀን እንደ በዓል ነበር የሚጠብቀው። ታኅሣሥ ገብቶ አንድ ጠዋት እልፌ እየሮጠች መጥታ፣ «ቦራዋን ምጥ ይዟታል» ስትለው፣ ልብሱን እንኳ በቅጡ ሳይደርብ ወደ ጨፌው ሄደ። የበሩን እሾህ በገዛ እጁ ነቀለ። እጁ ደማ፣ ግድ አላለውም። ሣሩ ጉልበት ድረስ ቆሟል፤ መሐሉ ላይ በጎች አብዝተው የሚወዱት፣ ማገጥ የሚባለው ሣር አብቧል። «አየሽ?» አለ ለሚስቱ። «አየሽ የጠበቅነውን?»

ከዚያ ወደ ማዘንጊያ ጉሮኖ መጣ። ቦራዋ መንታ ነበር የያዘችው። አንደኛው ሞቶ ወጣ። ሁለተኛው በሕይወት አለ፤ ግን ከድመት አይበልጥም፣ እግሮቹን ዘርግቶ አንገቱን ማቅናት አቃተው። እናቲቱ ዞራ አላሸተተችውም። ማዘንጊያ ተንበርክካ ግቷን እያሸች ነው።

«እንገሩስ?» አለ ጓንጉል።

«የለም።»

«እንዴት የለም? እስኪ እኔ ልሞክር።» ተንበርክኮ አለበ። ግቱ በእጁ ውስጥ እንደ ባዶ ኪስ ታጠፈ። ጥቂት ቆይቶ ውኃ የመሰለ ነገር ጠብ አለ፤ ከዚያ ምንም። ማዘንጊያ ያንን ጠብታ በጣቷ ይዛ ግልገሉን አላሰችው።

ጓንጉል ቦራዋን በትከሻው አንሥቶ ወደ ጨፌው ሮጠ። ለምለሙ መሐል አስቀመጣት። ሣሩን ነጭቶ አፏ ውስጥ ከተተላት። አንድ ሁለቴ አላመጠችና ተወችው፤ ሣሩ ከከንፈሯ እንደተንጠለጠለ ቀረ። እሱ ግን አላመነም። «ትበላለች፤ ትንሽ ይዘግይባት እንጂ ትበላለች» እያለ አጠገቧ ተቀምጦ ዋለ። ማታ ሞተች። ግልገሏም ሌሊቱን አላለፈም።

በዚያው ሳምንት ሌሎቹም ተከታትለው ወለዱ። ከመወለድ ሞት የቀደማቸው ግልገሎች አሉ፤ ያልቀደማቸውም የሚጠቡት አላገኙም። ጓንጉል እያንዳንዷን በወለደችበት ቀን፣ ልክ እንደ ውሉ፣ ጨፌ አስገባ። ወራት የተራቡ እንስሶች ናቸው፤ ጠል ያረፈበት ማገጥ ላይ ሲለቀቁ እንደ እብድ ወደቁበት። እርጥብ ማገጥ ባዶ ሆድ ይነፋልና፣ ከሰዓት በኋላ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፋ። ጓንጉል ጎናቸውን እያሸ፣ እየነዳ፣ እየጮኸ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሮጠ። ግልገሎቹን ወደ ራሱ በጎች ወስዶ ሊያስጠባ ሞከረ፤ እናቶቹ የባዳ ልጅ አሽትተው በግንባራቸው መቷቸው። ቀንም ሌሊትም አልተኛም። ከውሉ አንዲት ነገር አላጎደለም። እንዲያውም ከውሉ በላይ ነው የሠራው፤ ልብ የሚሰብረውም ይኸው ነው። አንዲትም አልተረፈችም።

ማዘንጊያ የመጨረሻዎቹን አላየችም። ቦራዋ በሞተች ማግስት ጎኗን ውጋት ያዛት፣ ትኩሳት ተከተለ። እልፌ ከአጠገቧ አልተለየችም። ጓንጉል ሊጠይቃት ሲገባ ዝቅ ብሎ በሩ አጠገብ ተቀመጠ።

«ማዘንጊያ፣ በሩ ተከፍቷል» አላት። «ዳሩን ብቻ አይደለም። ጨፌው ሙሉው ያንቺ ነው። ባሻ ዘለቀ ይመስክር፣ ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ነው።»

ዓይኗን ገልጣ ጥቂት አየችው። ቁጣ አልነበረባትም፤ ቁጣም ጉልበት ይፈልጋል።

«ማንን ላስገባበት፣ አያ ጓንጉል?» አለችው።

 ከዚያ ፊቷን ወደ እልፌ አዞረችና፣ «ባናዬን ስጪኝ፤ በረደኝ። ቦራዋ ላይ ነው ያለው» አለች። እልፌ ወጥታ ከጉሮኖው አመጣችው። በግ በግ ይሸት ነበር። ደረቡላት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በዚያው ባና ውስጥ እንዳለች አረፈች።

ቀብር ሆነ፣ በደጇ ዳስ ተጣለ። ከቆላ እህቷና የእህቷ ባል ለለቅሶ መጡ። ለቅሶ ቤት ሰው የሚቀመጥበት ጭድ ይጎዘጎዛል፤ ማዘንጊያ ግን ጭድ የላትም፣ ከየቤቱ እንዳይሰበሰብም የዚያ ዓመት ጭድ ከጓንጉል ቤት ሳይቀር አልቋል። ሰዉ ውርጭ ባቃጠለው ባዶ መሬት ላይ ሊቀመጥ ሆነ። ይህን ሲያይ ጓንጉል ማጭድ አንሥቶ ብቻውን ወደ ጨፌው ወረደ። ሊረዱት የተከተሉትን መለሳቸው። ከዳሩ ጀምሮ አጨደ፣ ቦዩ ድረስ ደረሰ፤ ቦዩን ተሻግሮ መሐሉን አጨደ። ሸክሙን እየተመላለሰ አመጣና ዳሱ ውስጥ በእጁ አነጠፈው። ሲቀመጡበት እስከ ወገብ የሚያሰጥም፣ አረንጓዴ፣ ጠል ያልለቀቀው ሣር ነበር። አበባው እንኳ አልረገፈም።

ለቀስተኛው ገብቶ ተቀመጠ። የእህቷ ባል እግሩን ዘርግቶ፣ ከሥሩ ያለውን እየዳሰሰ፣ «አቤት ሣር! በዚህ በጋ እንዲህ ያለ ሣር ያለው አገር ሰው እንዴት በግ ያልቅበታል?» አለ። ቆላ ነው ያደገው፣ የሆነውንም አልሰማም፤ ክፉ አስቦ አይደለም። የዳሱ ሰው ግን ወደ ጓንጉል ዞረ። ጓንጉል በበሩ ቋሚ ሥር እንደቆመ ነበር፤ ማጭዱ ከእጁ አልወረደም። ተቀመጥ ቢሉት እንቢ አለ። እንባው በጢሙ ላይ ሲወርድ አልጠረገውም።

ባሻ ዘለቀ ከሰው ሁሉ ኋላ ነው የገባው። ዱላውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። አንዲት የሣር ሰበዝ አነሣና በጣቱ ጠመዘዛት፤ አበባዋን አየ። ጓንጉልን ቀና ብሎ አየው፣ መልሶ ሣሩን አየ። «አንተን ብቻ አልወቅስህም፣ ልጄ» አለው። «በመስከረም ቃሉ አፌ ላይ ነበር፤ ከጠላህ ጋር ዋጥኩት።» ሰዉ የሚቀጥለውን ሲጠብቅ ሽማግሌው ሰበዟን እግሩ ሥር መልሶ አኖራትና፣ ማንንም ሳያይ እንዲህ አለ፤ «ለእርጉዝ የከለከሉት ሣር፣ ለለቅሶ ይጎዘጎዛል።»